በጣት የተሰማ ልብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከዋሽንግተን ከተማ ብዙ በማይርቅ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ልጇን ለማሳከም ከአገር ቤት ለመጣች እናት አስተርጓሚ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ማስተርጐም ሙያዬ አይደለም፤ የማኅበራችን ሰዎች ደውለው «ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለህ፤ ግማሽ ቀን ስጠን» ስላሉኝ የሄድኩ ሰው ነኝ። ልጁ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ከንፈሩ አጋም ሲበላ የዋለ ልጅ ከንፈር ይመስላል። የጣቶቹ ጫፎች አብጠው እንደ ከበሮ መምቻ ክብ ሆነዋል። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ገና የማዳመጫ መሣሪያቸውን ሳያወጡ፣ ገና የልጁን ደረት ሳይነኩ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ይህ ልጅ ከልጆች ጋር ሲሮጥ ቆይቶ በመካከሉ ቁጢጥ ይላል ወይ?»

ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለስኩት። እናቲቱ ደንግጣ አየችኝ። «ይኼንን ማን ነገራቸው ወንድሜ? እኔ ለማንም አልተናገርኩም» አለች። ልጁ ጥቂት እርምጃ በሮጠ ቁጥር ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ እንደሚል፣ የሠፈሩ ልጆች በዚሁ ምክንያት የቅጽል ስም እንዳወጡለት፣ እሷም ስንፍና መስሏት ስትቆጣው እንደኖረች እያለቀሰች ነገረችኝ። ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁና ጻፉ። ከዚያም ስለ ልጁ ልብ ማስረዳት ጀመሩ፤ የእኔም መከራ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ልብ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደም የሚረጭ ሥጋ ብቻ አይደለምና። አስተዋዩን «ልባም»፣ ዝንጉውን «ልበ ቢስ»፣ ደፋሩን «ልበ ሙሉ» እንላለን፤ ሰው እንዲጠነቀቅ ስንፈልግም «ልብ በል» እንለዋለን። እንግዲህ «የልጅሽ ልብ ሲፈጠር ጀምሮ ጉድለት አለበት» ብሎ ለእናት መናገር፣ የልጇን ሰውነት ብቻ ሳይሆን ሰውነቱን የሚያሰኘውን ነገር ሁሉ መንካት ሆነብኝ። እንደምንም ተረጐምኩት። የፈራሁት አልቀረም፤ «ምን በድዬ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ይህንን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሰሙት ሳይሆኑ አልቀሩም። ሳልተረጕምላቸው ገባቸው። የልጁ ልብ የተሠራው በመጀመሪያዎቹ ስምንት የእርግዝና ሳምንታት፣ ምናልባትም እሷ ማርገዝዋን አጥርታ ሳታውቅ እንደሆነና ጥፋቱ የእርስዋ እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ ደጋግመው እንድነግራት አደረጉኝ።

«ማን ነገራቸው?» የሚለውን ጥያቄዋን ግን በዚያን ዕለት አልመለስኩላትም። መልሱ ረጅም ነው። ከሆስፒታሉ ከወጣሁ በኋላ ስፈልገው ቆየሁ፤ ይህ ጽሑፍም ለእሷ ያልሰጠሁት መልስ ነው። (ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

* * *

ከአንድ ሺህ ሕፃናት መካከል ወደ 8 የሚጠጉት ልባቸው ላይ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። አንዳንዱ ጉድለት ማንም ሳያውቀው በራሱ ጊዜ የሚዘጋ ትንሽ ቀዳዳ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሕፃኑን በቀናት ውስጥ የሚቀጥፍ ነው። የዚያ ልጅ በሽታ ኤቲየን ሉዊ ፋሎ በተባሉት የፈረንሳይ ሐኪም ስም ይጠራል፤ ፋሎ እ.ኤ.አ. በ1888 ማርሴይ ላይ ሆነው፣ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው የሚገኙ አራት ጉድለቶችን በአንድነት ገልጸው ጽፈዋል። በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠቧል፤ ደም ወደ ሰውነት የሚያደርሰው ታላቁ የደም ቧንቧ ከቀዳዳው በላይ ተቀምጧል፤ የቀኙ ክፍል ግድግዳም ከትግል ብዛት ወፍሯል። በዚህ የተነሣ ሳንባ ደርሶ አየር ያላገኘው ደም በቀዳዳው አልፎ ከጥሩው ደም ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሰውነት ይሠራጫል። ልጁም ይጠቁራል፤ ፈረንጆቹ «ሰማያዊ ሕፃናት» የሚሏቸው እነዚህን ነው።

ቁጢጥ ማለቱም ስንፍና አልነበረም። ልጁ ጉልበቱን ሲያጥፍ የእግሩ የደም ሥሮች ይጨቆናሉ፤ ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም መንገዱ ይከብደዋል፤ ስለዚህ በቀዳዳው ሾልኮ ሊያልፍ የነበረው ደም ተገፍቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ማንም ሳያስተምረው፣ የአምስት ዓመት ልጅ መንገድ ዳር ተቀምጦ ራሱን ያክም ነበር ማለት ነው።

እስከ 1930ዎቹ ድረስ ስለ እነዚህ ልቦች የሚታወቀው ከሙታን የተገኘ ዕውቀት ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የደከሙት ሞድ አቦት የተባሉ ካናዳዊት ናቸው። የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሴት በመሆናቸው የሕክምና ትምህርት ቤቱን በር ዘጋባቸው፤ ሌላ ቦታ ተምረው ሐኪም ሆነው ሲመለሱ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ቤተ መዘክር ጠባቂ ሆኑ። በጠርሙስ ተቀምጠው አቧራ የለበሱትን ልቦች አንድ በአንድ እያወጡ መረመሩ፤ በ1936 የ1,000 ሕሙማንን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተሙ። ሥራቸው ታላቅ ነበር። ይሁን እንጂ የሚያነበው ሐኪም «ይህ ልጅ ለምን ሞተ?» ለሚለው እንጂ «ይህን ልጅ ምን ላድርገው?» ለሚለው መልስ አያገኝበትም።

* * *

ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቁት ሔለን ታውሲግ ናቸው። በ1898 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ካምብሪጅ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የታወቁ የሃርቫርድ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነበሩ። እናታቸው ሔለን የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ልጅቱ ደግሞ ማንበብ እጅግ የሚያስቸግራት፣ ፊደል የሚገለባበጥባት ልጅ ነበረች፤ አባት በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጠው አስነበቧት። ሐኪም ለመሆን በፈለጉ ጊዜ ሃርቫርድ ለሴት የሕክምና ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሰውነት አካላትን ትምህርት ሲጀምሩ፣ መምህራቸው የበሬ ልብ በእጃቸው ሰጥተው አጥኚው አሏቸው። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የተጀመረው በዚያ የበሬ ልብ ነው።

ዲግሪያቸውን ለማግኘት ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሄዱ። ሆፕኪንስ ሴቶችን ከወንዶች እኩል ይቀበል የነበረው በቸርነቱ አይደለም፤ በ1893 የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ገንዘቡን ያሟሉለት ሜሪ ጋሬትና ጓደኞቻቸው ስጦታውን በዚሁ ግዴታ አስረው ስለሰጡት ነው። ታውሲግ በ1927 ተመረቁ፤ በ1930 የሕፃናት የልብ ክሊኒኩ ኃላፊ ሆኑ።

ያን ጊዜ ይህ ሹመት የሚያስቀና አልነበረም። ወደ ክሊኒኩ የሚመጡት አብዛኞቹ ልጆች የቁርጥማት ትኩሳት ልባቸውን የጐዳባቸው ነበሩ። በተፈጥሮ ጉድለት የተወለዱት ደግሞ ተስፋ የሌላቸው ስለሚባሉ ሐኪሞች ሁሉ ይሸሹአቸዋል። አለቃቸው ዶክተር ኤድዋርድስ ፓርክ እነዚህንም አጥኚ ባሏቸው ጊዜ ታውሲግ ራሳቸው ደስ አላላቸውም ነበር ይባላል። ከዚህ ላይ ሌላ መከራ ተጨመረ፤ ጆሮአቸው እየደከመ ሄደ። የልብ ሐኪም ሥራው ማዳመጥ ነው። መስማት የማይችል የልብ ሐኪም፣ ዓይኑን እንዳጣ ሠዓሊ ነውና ብዙ ሰው ሥራውን በተወ ነበር።

እሳቸው ግን በጣታቸው መስማት ተማሩ። እጃቸውን በሕፃኑ ደረት ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉና የደሙን ፍሰት፣ የልቡን መታገል፣ ሌላው በጆሮው የሚለየውን መንቀጥቀጥ በጣታቸው ጫፍ ይለዩ ነበር። ሕፃኑንም በራጅ መመልከቻ ፊት ከወዲያ ወዲህ እያዞሩ የልቡን ቅርጽ ያጠናሉ። የሞቱባቸውንም አይተዉም፤ በሕይወት ሳሉ የመዘገቡትን ከሬሳ ምርመራው ውጤት ጋር ያመሳክራሉ። በዚህ ዓይነት ለዓመታት ከቆዩ በኋላ አንድ ነገር አስተዋሉ።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው ስለማይተነፍስ፣ ደሙ ሳንባውን ትቶ የሚያልፍበት ዳክተስ የምትባል አጭር ቧንቧ አለችው። ሲወለድና ሲተነፍስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትዘጋለች። ታውሲግ ያስተዋሉት ይህ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ከጠበበባቸው ሕፃናት መካከል ይህች ቧንቧ ክፍት የቆየችላቸው ይኖራሉ፤ የተዘጋችባቸው ግን ወዲያው ይጠቁራሉ፤ ይሞታሉም። ስለዚህ እነዚህን ልጆች የሚገድላቸው የልባቸው ድካም ሳይሆን የደም መንገድ ማጣት ነው ማለት ነው። መንገድ የጠፋበት ደግሞ መንገድ ሊሠራለት ይችላል።

በ1938 ሮበርት ግሮስ የተባሉ የቦስተን የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ከተወለደች በኋላ ሳትዘጋ የቀረችባትን ቧንቧ በማሰር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አድነው ስማቸው ተጠርቶ ነበር። ታውሲግ ወደ እሳቸው ተጓዙና የተከፈተውን መዝጋት ከቻሉ፣ ለሌሎቹ ልጆች ደግሞ አዲስ ቧንቧ መሥራት አይችሉም ወይ ሲሉ ጠየቁ። ግሮስ ጉዳዩ አላጓጓቸውም። ታውሲግ ባዶ እጃቸውን ወደ ባልቲሞር ተመለሱ። ማዳን የሚቻልበትን መንገድ በአሳብ የጨበጠ ሰው፣ መሣሪያው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ሲከለከል የሚሰማውን፣ በስደት የሚኖር አንባቢ ሳይነገረው የሚያውቀው ይመስለኛል።

* * *

እ.ኤ.አ. በ1941 አልፍሬድ ብላሎክ የሆፕኪንስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነው ከናሽቪል መጡ። ሲመጡም አንድ ሰው ይዘው መጡ።

ስለዚህ ሰው ስጽፍ «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው አስቤበት ነው። በሥራ ቦታቸው «ቪቪየን» ተብለው በስማቸው ይጠሩ ነበር፤ እሳቸው ግን አለቃቸውን «ዶክተር ብላሎክ» ነበር የሚሉት። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለውም ይባላል፤ እንዲህ ሲሆን ግን አለው።

ቪቪየን ቶማስ በ1910 ሉዊዚያና ውስጥ ተወልደው ናሽቪል ያደጉ፣ የአናጢነት ሙያ የነበራቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ሐኪም ለመሆን አስበው ለኮሌጅ ገንዘብ አጠራቅመው ነበር። ያጠራቀሙት በ1930 ባንኩ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። በዚያው ዓመት በብላሎክ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። ምርምሩን በእጃቸው ይሠሩ፣ መዝገቡን ይጽፉ፣ ቀዶ ሕክምናውን ያካሂዱ እንጂ የተመዘገቡትና የሚከፈላቸው በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። ከብላሎክ ጋር ሆነው፣ በከባድ ጉዳት የሚሞት ሰው ከሰውነቱ በሚጠፋው ደምና ፈሳሽ ምክንያት እንደሚሞት አሳዩ፤ ይህም ግኝት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብዙ ቁስለኞችን ሕይወት አትርፏል። ባልቲሞር ሲደርሱ ሆፕኪንስ መጸዳጃ ቤቱ እንኳ በቀለም የተለየ ነበር። ነጭ ካፖርት ለብሰው በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰው ዞሮ ያያቸዋል፤ በዚያ ግቢ ጥቁር ሰው የሚታወቀው በመጥረጊያ ነበርና። ደመወዛቸው ቤተሰባቸውን አላኖር ስላላቸው፣ ብላሎክ በሚያደርጉት ግብዣ ላይ መጠጥ ቀጂ ሆነው ያገለገሉበት ጊዜ ነበር። ቀን በቤተ ሙከራው ያሠለጠኗቸውን ሐኪሞች ማታ መጠጥ ይቀዱላቸው ነበር ማለት ነው።

ታውሲግ አሳባቸውን ለሁለቱ ሰዎች ነገሯቸው። ቶማስና ብላሎክ ከዚያ ቀደም ናሽቪል ሳሉ፣ ለሌላ ጥናት ሲሉ፣ ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ቧንቧ ከሳንባው ቧንቧ ጋር በውሻ ላይ ሰፍተው ነበር። ያ ጥናት የታሰበለትን ውጤት ሳይሰጥ ቀርቷል፤ ስፌቱ ግን በእጃቸው ቀርቶ ነበር። አሁን ቶማስ ሁለት ነገር ማድረግ ነበረባቸው፤ አንደኛ የልጆቹን በሽታ የሚመስል በሽታ በውሻ ላይ መፍጠር፣ ሁለተኛ ያንን ማዳን። ሥራው ወደ ሁለት ዓመት ወሰደ፤ ወደ 200 የሚጠጉ ውሾችም አለቁበት። አና የተባለችው ውሻ ቀዶ ሕክምናውን አልፋ ለረጅም ጊዜ ኖረች፤ ሥዕሏ ሆፕኪንስ ውስጥ ተሰቅሏል። የሕፃን ቧንቧ የሚሰፋ መርፌ በገበያ ስላልነበረም ቶማስ ያለውን እያሳጠሩና እየሳሉ ራሳቸው አበጁት።

* * *

ኖቬምበር 29 ቀን 1944፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 20 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ አይሊን ሳክሰን የተባለች የ15 ወር ሕፃን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ክብደቷ ከአራት ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ብላሎክ ይህን ቀዶ ሕክምና በእንስሳ ላይ እንኳ ያደረጉት አንድ ጊዜ፣ ያውም ቶማስ እያገዟቸው ነበር። ስለዚህ ቶማስ ይጠሩልኝ አሉ። ቶማስ ከኋላቸው መቆሚያ ላይ ወጥተው በትከሻቸው በኩል እየተመለከቱ፣ ስፌቱ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ በጸጥታ ይናገሩ ጀመር። ታውሲግ በሕፃኗ ራስጌ ቆመው ነበር። የግራ ክንዷ ቧንቧ ተቈርጦ ወደ ሳንባዋ ከሚሄደው ቧንቧ ጋር ተሰፋ። ሴቷ ያሰበችውን፣ ጥቁሩ የፈተነውን፣ ነጩ ሐኪም በእጁ ፈጸመው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ተራኪዎች ይዘሉታል። አይሊን ከቀዶ ሕክምናው ተረፈች፤ ለጥቂት ወራትም ተሻላት። ከዚያ ግን እንደገና ጠቆረች፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። የመጀመሪያዋ ልጅ አልዳነችም። እናቷ የተሰጣት ጥቂት ወር ነበር። ይህን መሸሸግ ለሳይንስ ክብር የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን የእነዚያን ሦስት ሰዎች ድፍረት የምለካው፣ እንዲህ ባለው ጥርጣሬ ውስጥ ሆነው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ልጅ በመቀበላቸው ነው።

ሦስተኛው ልጅ በፌብሩዋሪ 1945 የመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ስፌቱ አልቆ ደሙ ሲለቀቅ፣ ከንፈሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እያዩት ከጥቁርነት ወደ ቀይ ዳማ ተለወጠ። የሦስቱ ልጆች ታሪክ በግንቦት 1945 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ። ከዚያ በኋላ ባልቲሞር የወላጆች መናኸሪያ ሆነች፤ ከአሜሪካ ማዕዘናት ሁሉ፣ ቀጥሎም ከባሕር ማዶ፣ ጥቁር ከንፈር ያላቸውን ልጆች ታቅፈው ይመጡ ጀመር። በ1947 ብላሎክና ታውሲግ ወደ ለንደንና ፓሪስ ተጉዘው ሥራውን አሳዩ። ታውሲግም በዚያው ዓመት ስለ ተፈጥሮ የልብ ጉድለቶች የጻፉትን ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ፤ የሕፃናት የልብ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ሙያ ጠባይ ከቀዶ ሕክምናው ይለያል። የሚቀደው ሐኪም ልጁን ለሰዓታት ያውቀዋል፤ የልብ ሐኪሙ ግን ለዓመታት። ማን መቀደድ እንዳለበት፣ መቼ እንደሆነ፣ ማንስ ቢቆይ እንደሚሻል የሚወስን እሱ ነው፤ ለወላጅም የሚናገር እሱ ነው። ታውሲግ ሳያገቡና ሳይወልዱ ኖሩ፤ ታካሚዎቻቸውን ግን እስከ ጉልምስናቸው ተከታተሉ። ተቀጥፈው ይቀራሉ የተባሉ ልጆች አድገው፣ የራሳቸውን ልጆች ይዘው ሊጠይቋቸው ይመጡ ነበር።

በኋላ የመጣውን ባጭሩ ልለፈው። በ1953 ጆን ጊበን ፊላደልፊያ ውስጥ ለልብና ለሳንባ ተተክቶ የሚሠራ ማሽን ተጠቅመው የልብ ቀዳዳ ዘጉ። በ1954 ዋልተን ሊልሃይ ሚኒሶታ ውስጥ፣ የልጁን የደም ዝውውር ከአባቱ ወይም ከሌላ ጤነኛ ሰው የደም ዝውውር ጋር አገናኝተው፣ የታመመውን ልብ ከፍተው ሠሩ፤ በዚያው ዓመት ፋሎ የገለጿቸው ጉድለቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ ተጠገኑ። በ1966 ዊልያም ራሽካይንድ ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በገባ ቀጭን ቱቦና ፊኛ የጨቅላ ልብ አከሙ። በ1970ዎቹ ያቺ ታውሲግ ያስተዋሏት ቧንቧ እንዳትዘጋ የሚያደርግ መድኃኒት ተገኘ። ዛሬ ሐኪሙ የልጁን ልብ በድምፅ ሞገድ መሣሪያ አማካይነት ሲመታ ያየዋል። ቢሆንም እኔ የተመለከትኳቸው ሐኪም ከመሣሪያው በፊት ስለ ቁጢጡ ጠየቁ፤ ከዚያም መዳፋቸውን አሙቀው በልጁ ደረት ላይ አሳረፉ።

* * *

ክብሩ እንደ ሥራው አልተከፋፈለም። ቀዶ ሕክምናው «የብላሎክና የታውሲግ» ተባለ፤ የቶማስ ስም በጽሑፉ ላይ አልሰፈረም። ታውሲግም ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ1959 ነው፤ ዓለም ስማቸውን ካወቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። በ1964 ከፕሬዚዳንት ጆንሰን እጅ የነፃነት ኒሻን ተቀበሉ፤ በ1965 የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1986፣ 88 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ጓደኞቻቸውን ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲያመላልሱ በደረሰ የመኪና አደጋ ሞቱ።

ቶማስ ያሠለጠኗቸው ሐኪሞች በ1971 ሥዕላቸውን አሠርተው ለሆፕኪንስ ሰጡ፤ ከብላሎክ ሥዕል ጎንም ተሰቀለ። በ1976 ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ዶክትሬቱ ግን የሕግ እንጂ የሕክምና አልነበረም። በ1985 ዐረፉ፤ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ከቀናት በኋላ ታትሞ ወጣ። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናውን በሦስቱም ስም፣ የብላሎክ፣ የቶማስና የታውሲግ እያሉ ይጠሩታል። ዘግይቶም ቢሆን ስም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

* * *

ባልቲሞር ውስጥ ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የት ነበርን? በ1937 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከጣልያን ወረራ ከወጣች ገና አራት ዓመት አልሞላትም ነበር። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ልባቸው ጐድሎ የተወለዱ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ግን ፋኩልቲ እስኪከፈት አልጠበቁም፤ ይወለዱና ይሞቱ ነበር። የሞቱበት ምክንያት «ቡዳ በልቶት ነው» ወይም «ሳል ነው» ይባል ነበር።

በ1989 የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን መሠረቱ። በሽታውን የሚለይ ሐኪም አለ፤ የሚጠግንበት ክፍል ግን አገሪቱ ውስጥ የለም። ይህ የታውሲግ ጭንቀት ነው። ታውሲግ ግን ከባልቲሞር ወደ ቦስተን መሄድ ነበረባቸው፤ የዶክተር በላይ ታካሚዎች ባሕር መሻገር ነበረባቸው። ልጆች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ጀመር። እስራኤል ውስጥ በሆሎን ከተማ፣ ዶክተር አሚ ኮኸን በ1995 የሌላ አገር ሕፃናትን ልብ የሚያክም ድርጅት ሲያቋቁሙ ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቻቸው መካከል ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ይገኙ ነበር። ኮኸን በ2001 ኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ ሕይወታቸው አለፈ፤ ድርጅታቸው ግን ሥራውን ቀጠለ። በአውሮፓና በአሜሪካም ስንት ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የማያውቀውን ልጅ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ፣ ሽሮ ሠርቶ፣ ሆስፒታል አድርሶ፣ አሽሮ እንደመለሰ እኛ እናውቃለን፤ በማንም መዝገብ የተጻፈ አይመስለኝም።

በ2009 የልብ ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ተከፈተ። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች እየተፈራረቁ ይቀዱ ነበር፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ከባልቲሞሩ ቀዶ ሕክምና እስከ ጥቁር አንበሳው በር መከፈት 65 ዓመት ነው። ተራ የሚጠብቁት ሕሙማንም በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። ችግሩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ፤ ታውሲግ ክሊኒኩን በተረከቡ ጊዜ በሽተኛ ያበዛባቸው የቁርጥማት ትኩሳት፣ በቀላል የጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብን በሮች የሚያበላሸው፣ ከአሜሪካ ሊጠፋ ምንም ያህል ባይቀረውም በእኛ አገር ገና ልጆችን ይጥላል። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን የሚከለክለው በሽታ፣ በፔኒሲሊን እጦት ወደ ቀዶ ሕክምናው ተራ ገብቶ ይሰለፋል።

ይህን የምጽፈው አገርን ለመውቀስ አይደለም። ዕውቀት አንድ ቦታ መገኘቱ ሌላው ቦታ ደረሰ ማለት አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ታውሲግ ያወቁትን ከባልቲሞር ወደ ቦስተን ሊያደርሱት ሄደው ተመልሰዋል፤ ቶማስ የሚያውቁት በእጃቸው እያለ መቀስ እንዳይዙ ተከልክለዋል። በመካከሉ በር የሚዘጋ ሰው አለ፤ በር የሚከፍትም ሰው አለ። በስደት ያለን እኛ፣ ሐኪምም እንሁን ሾፌር፣ ብዙውን ጊዜ የምንገኘው በዚያ በር ላይ ነው።

* * *

ልጁ ከልብ ቀዶ ሕክምናው በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ እናቱ ደወለችልኝ። «ዛሬስ ቁጭ በል ብለው እንኳ ቁጭ አልል አለኝ ወንድሜ» ብላ ሳቀች። ስላጠፋችው ጥፋት ሳይሆን፣ ሳታውቀው ስለተቆጣችው ቁጣ ልጁን ይቅርታ እንደጠየቀችው ነገረችኝ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከእነሱ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ያለች ጎረቤቷ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። «ትናንት ደጅ ስትጫወት አየኋት» አለችኝ። «ጥቂት ትሮጥና ቁጢጥ ትላለች። ከንፈሯንም ልብ ብዬ አየሁት። እናትየው ሰነፍ ናት ብላ ትቆጣታለች። ነገርኳት፤ ስንፍና አይደለም አልኳት። አሁን ወዴት ትውሰዳት?»

«ማን ነገራቸው?» ብላ የጠየቀችኝ ሴት አሁን ራሷ ነጋሪ ሆናለች። ሞድ አቦት በጠርሙስ ውስጥ ካሉ ልቦች፣ ታውሲግ በጣታቸው፣ ቶማስ በመርፌአቸው ያገኙት ነገር ያቺ ሠፈር ደርሷል፤ ከበሽታው ጋር ጓሮ ለጓሮ ሆኗል። የቀረው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ ወረቀትና እርሳስ ፈለግሁ፤ «የልጅቱን ዕድሜ እንደገና ንገሪኝ» አልኳት።